«ዋና» የተጻፈበት ብልቃጥ

ወሬ በሐዋሳ ከባጃጅ ይፈጥናል። ዶክተር ገብረየስ በሞቱ ማግስት መሃል ከተማ ላይ «የገደላቸው የሐይቁ ዓሣ ነው» ተባለ። ወሬው አዲስ ከተማ ሲደርስ፣ ዓሣው ተጠብሶ ካበቃ በኋላ ከሳህኑ ተስፈንጥሮ ጉሮሯቸውን አንቆ ነበር። ቱላ ሲደርስ ደግሞ ዓሣው ከነሎሚው አምልጦ በፖሊስ እየተፈለገ ነበር።

እውነቱ ከወሬው ያነሰ፣ ግን ከወሬው የከፋ ነው። ዶክተር ገብረየስ በሐይቁ ዳር ባለ አንድ የምግብ ጥናት ጣቢያ ውስጥ ምግብ የሚመርዙ ባክቴሪያዎችን የሚያጠኑ ሰው ነበሩ። ሚሌኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንዱ የፍልሰታ ጾም፣ ሆዳቸውን አመማቸው፤ አተኮሳቸው፤ ሆስፒታል ገቡ፤ በእግራቸውም አልወጡም። የጤና ሠራተኞች ጣቢያውን ሲፈትሹ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በሁለት ቦታ አገኙ፦ ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተልባ በጠጡበት፣ ሳይታጠብ በቀረው ጆግ ውስጥ፣ እና በጣቢያው ምግብ ቤት የዓሣ መክተፊያ እንጨት ላይ። ከሟቹ ደምም ያው ሳልሞኔላ በቀለ። ጆጉን በየቀኑ የምትሞላው የምግብ ቤቷ ባለቤት ተዋበች ናት። ከዚያ ወዲያ ማሰብ ያስፈለገው ሰው አልተገኘም።

ግቢው ተዘጋ። «ያለ አይወጣም፣ የገባ አይመለስም» የሚል ትእዛዝ ወጣ። በሩ የሚከፈተው በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጤናው ቡድን ሲመለስ ነው፤ ከበሩ ውጭ የቆመው የፖሊስ መኪና ደግሞ ያኔ ተዋበችን በነፍስ ማጥፋት ጭኖ ይሄዳል።

ጥሪው ኢንስፔክተር ሙሉጌጥን ያገኛት ሊስትሮ ፊት ተቀምጣ ነው። አንዱ ጫማዋ እንደ መስታወት አብርቷል፤ ሁለተኛው ገና የክረምት ጭቃ እንደ ለበሰ ነው። ሌላው ሰው ሲያስብ ራሱን ያክካል፤ እሷ ጫማዋን ታወልቃለች። በፖሊስ ጣቢያው «ሙሉጌጥ ጫማ አወለቀች» ከተባለ አንድ እስረኛ በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው። አብሯት የሚዞረው ኩማ ማዕረጉ ዋና ሳጅን ነው። ባለፈው ዓመት ከጀልባ ወድቆ ሐይቅ ሲገባ ጉማሬ በጀርባው አዝሎ እንዳወጣው፣ ዳር ሲያደርሰውም ትከሻው ላይ ያለውን ማዕረግ አይቶ ሰላምታ እንደ ሰጠው ይምላል። ሙሉጌጥ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘችበት። «በአገራችን ዋና የማይችል ዋና ሳጅን አንተ ብቻ ነህ» ትለዋለች።

«ኢንስፔክተር፣ ከገቡ አይወጡም» አላት በሩ ላይ ሰንሰለቱን የያዘው ፖሊስ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያው ሁለተኛው ጫማዬ ነገ ይጠረጋል» ብላ ገባች። ሰንሰለቱ ከኋላቸው ሲቆለፍ ኩማ ዞሮ አየው።

«ምሳ አልበላሁም እኮ።»

«እዚህ የበላ ሰው ነው የሞተው። ታድለሃል።»

ግቢው በሦስት ጎን ግንብ፣ በአንድ ጎን ሐይቅ ነው። ወደ ሐይቁ የሚያወጣው የኋላ በር ከውጭ በሰንሰለት ታስሯል። ዝናቡ ይወርዳል፤ የክሎሪን ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ የሚበሉት የታሸገ ብስኩት ነው፤ እሱንም እያንዳንዱ ማሸጊያውን ራሱ ካልቀደደ አፉ አያስገባም። ሁሉም የሌላውን እጅ ያያል።

የመጀመሪያው በር ላይ በነሐስ ፊደል «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ተጽፏል። ፊደሎቹ ዝናብም ቢሆን በየጠዋቱ ይወለወላሉ። አቶ ሽፈራው ከወንበራቸው በከፊል ተነሥተው ተመለሱ። ሌሎቹ በአዳራሹ ወለል ላይ ሲያድሩ እሳቸው እዚያው ወንበራቸው ላይ ነው ያደሩት። ነጩ ጋዋናቸው ከኋላቸው ተሰቅሏል፤ የሱቅ እጥፋቱ ገና አልለቀቀውም።

«ያሳዝናል» አሉ። «ግን ግልጽ ነው። ሴትየዋ ንጽሕና ይጎድላታል። ስንቴ መከርናት።»

«ዶክተሩ ዓሣዋን በልተው ነበር?»

«በፍልሰታ? ገብረየስ? ዓሣ ያስፈስካል አያስፈስክም ብሎ ከቄስ ጋር የሚከራከር ሰው አልነበረም። አይበላም፣ አለቀ። ጨጓራውን ስለሚያመው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተልባ ይጠጣል። ዓሣ በከተፈችበት እጇ ተልባውን ነካካችው። ይኸው ነው።»

«ከራሳችሁ ቤተ ሙከራ የወጣ ባክቴሪያ ቢሆንስ?»

አቶ ሽፈራው በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «ቢሆንም ለውጥ የለውም፣ ኢንስፔክተር። ዋናው ባክቴሪያ መጀመሪያም የተወሰደው ከከተማው ምግብ ቤት መክተፊያ ላይ ነው። እዚህ ፍሪጅ ያለውና እሷ ማጀት ያለው አንድ ነው። ማንም አይለየውም።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«በግምገማ የማይጣላ አለ? ሂስ ተሰጣጥተን፣ ሂሳችንን ውጠን፣ ሻይ አብረን እንጠጣለን።»

ሙሉጌጥ ስትወጣ በሩን አየችው፤ ከዚያም ወንበሩን። ሰውየው ተነሥተው ሲቀመጡ የወንበሩ እግር ምንጣፉ ላይ ካተመው አሻራ አንድ ጣት እንኳ ፈቀቅ አላለም ነበር።

ተዋበችን ያገኘቻት ከታሸገው ወጥ ቤቷ ፊት፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ የቤቷን ሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት።

«እትዬ ተዋበች፣ የተልባውን ነገር ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ፣ እህቴ? እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አልጾምም። የሚጾመውን ሰው ግን ከቄሱ በላይ እጠብቃለሁ። ለዶክተር የጾሙን በሌላ ድስት፣ በሌላ ማንኪያ ነበር የምሠራው። ተልባውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በፈላ ውኃ አሽቼ ጠዋት ሻይ ክፍል አኖርለታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መጥቶ ይጠጣል።»

«ሻይ ክፍሉ ይቆለፋል?»

«ሻይ ክፍል ማን ይቆልፋል? ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም ይወጣል።» ተዋበች እጆቿን አገላብጣ አየች። «ከመታመሙ በፊት ባለው ቀን መጥቶ አሾፈብኝ። ‹እትዬ፣ ዛሬ ተልባሽ ቀጠነብኝ፤ ጾሙ አንቺንም ያዘሽ እንዴ› አለኝ። የኔ ተልባ ቀጥኖ አያውቅም። ማንኪያ ብታቆሚበት ቆሞ ያድራል። ተናድጄ መልስ እንኳ አልሰጠሁትም። ያ ነው አሁን የሚቆጨኝ።»

ሙሉጌጥ ጭቃ የለበሰውን ጫማዋን አወለቀች። ኩማ አይቶ ቀበቶውን አስተካከለ።

«ነገ ይወስዱኛል አይደል?» አለች ተዋበች። «ልጆቼን ያሳደገች ማጀት ናት ይቺ። ‹እናታችሁ ሰው መርዛ ገደለች› ሲባሉ የት ይገባሉ?»

«እስከ ነገ ጠዋት ገና ብዙ አለ» አለቻት ሙሉጌጥ፤ ከሰንሰለቱ በቀር ያለው ግን አንድ ሌሊት ብቻ እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

የሟቹ የምርምር ረዳት ሳያት በቤተ ሙከራው ኮሪደር ላይ ትመላለሳለች። ወጣት፣ ቀጭን፣ ከተዘጋባቸው ጀምሮ ተቀምጣ የማታውቅ ናት። ኩማ ከጎኗ ሆኖ ሊጠይቃት ሞክሮ ሁለቴ ተመላልሶ ደክሞት ግድግዳ ተደግፏል።

«አንቺና ዶክተሩ ተጣልታችሁ እንደ ነበር ሰማሁ» አለች ሙሉጌጥ።

«የምርምር ጽሑፋችን ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ነው። ጮህኩባቸው፤ እውነት ነው። በኋላ ‹ያንቺ ይቅደም፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እገፋሻለሁ› አሉኝ።» ቆም አለች፤ ወዲያው ደግሞ መራመድ ጀመረች።

«ጽሑፉ ስለ ምን ነበር? ለኔ በሚገባኝ አማርኛ።»

«ሳልሞኔላ ሁለት ዓይነት ኑሮ አላት። አንዱ ዋና ነው፤ ጅራት አብቅላ እየቀዘፈች ትሄዳለች። ሁለተኛው መስፈር ነው፤ መክተፊያ ወይ ቧንቧ ላይ ትጣበቅና ሙጫ አውጥታ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ዝልግልግ ጎጆ ትሠራለች። አንዴ ጎጆ ከሠራች ሳሙናም፣ ክሎሪንም በቀላሉ አይነቅላትም። መቼ ትዋኝ፣ መቼ ትጣበቅ የሚያዛት በውስጧ ያለው ዘረ-መል ነው። እኛ አንዱን ዘረ-መል እየቆረጥን እናወጣና ምን እንደሚያቅታት እናያለን።»

«ታዲያ ይሄ ለማን ይጠቅማል?»

«በቅርቡ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ቧንቧ ፈትሸን ነበር። ከውጭ ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ግን ጎጆ በጎጆ ነው። ቱላ ትምህርት ቤት ልጆች የታመሙት ከዚያ ወተት ነው። ጣቢያችን ግን ከዚያ በፊት ‹ንጹሕ ነው› ብሎ መስክሮለታል።»

«ማን ነው የመሰከረው?»

ሳያት ወደ ነሐሱ በር አየች። «ምስክርነት የሚፈርመው አንድ ሰው ነው።»

«የማትዋኘዋን ከምትዋኘዋ በምን ትለያላችሁ? መልካቸው ይለያያል?»

«በዓይን አንድ ናቸው። የጤናዎቹ ሰዎች ምርመራም ‹ሳልሞኔላ› ብሎ ነው የሚያቆመው። እኛ ግን እንደ ጄሊ የላላ ምግብ ሳህን ላይ አርግተን መሃሉን እንወጋና እናሳድራለን። የምትዋኘዋ ጠዋት ሳህኑን ሞልታዋለች። የማትዋኘዋ ያስቀመጥናት ቦታ ላይ ነጥብ ሆና ታድራለች።»

«እንደ ኩማ» አለች ሙሉጌጥ።

«እኔን ጉማሬ ያወጣኛል» አለ ኩማ ከግድግዳው።

የመጨረሻው ዮፍታሄ ነው፤ ዕቃ የሚያጥበውና የባክቴሪያዎቹን ፍሪጅ ቁልፍ የሚይዘው የቤተ ሙከራ ሠራተኛ። ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ አሳያት።

«ሌላ ቁልፍ አለ?»

«የሁሉም በር ሁለተኛ ቁልፍ አቶ ሽፈራው ቢሮ ነው ያለው። ተጠቅመውበት ግን አላውቅም። እሳቸው እዚህ የሚገቡት እንግዳ ሲመጣ፣ ለፎቶ ነው።»

ፍሪጁን ከፈተው። ውስጡ ሦስት ሣጥን ትንንሽ ብልቃጦች ተደርድረዋል። በአንዱ ላይ «እናት»፣ በሁለተኛው ላይ «ዋና»፣ በሦስተኛው ላይ «ሙጫ» የሚል በሟቹ ድቡልቡል የእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ዶክተር በአማርኛ ካልተጻፈ አይወዱም ነበር» አለ ዮፍታሄ። «እናቲቱ ያልተነካችዋ ናት። ሁለቱ በተቆረጠባቸው ዘረ-መል ስም ነው የሚጠሩት።»

«‹ሙጫ› የተባለው ሙጫ የማያወጣው ነው?»

«አዎ።»

«ራሰ በራውን ‹ጎፈሬ› ብሎ እንደ መጥራት።»

«እንደዚያ ነው።» ዮፍታሄ ፈገግ ሊል ሲል ዓይኑ ሣጥኑ ላይ ቀረ። ጣቱን በ«ዋና» ብልቃጦች ላይ አሳለፈ። «አንድ ጎድሏል። እኔ አላወጣሁም፤ ሳያትም ከኔ ሳትቀበል አታወጣም።»

ሙሉጌጥ ሁለተኛውን ጫማዋንም አወለቀች።

«ዶክተሩ በመጨረሻ ሰሞን ከማን ጋር ጮክ ብለው ተነጋገሩ?»

ዮፍታሄ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየ። «ከአቶ ሽፈራው ጋር። ቃል በቃል የሰማሁት አንድ ነገር ነው። ‹በግምገማው ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አሉ ዶክተር። ግምገማው ሳይደርስ ታመሙ፤ ስብሰባውም ቀረ።»

ከሰዓት በኋላ ሙሉጌጥ በበሩ ሰንሰለት በኩል ከጤናዎቹ ሰዎችና ከሆስፒታሉ ሦስት ናሙና ተቀበለች፦ ከመክተፊያው፣ ከጆጉ፣ ከሟቹ ደም። ስማቸውን ላጠችና በላያቸው ሥዕል ሣለችባቸው። መክተፊያው ዶሮ ሆነ፣ ጆጉ አህያ፣ ደሙ ጫማ። ኩማ አህያው ውሻ ይመስላል ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ሳያትና ዮፍታሄ በተለያየ ክፍል፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ሦስቱንም በላላው ጄሊ ላይ እንዲወጉ አደረገች። የቱ የየት እንደ ሆነ ሁለቱም አያውቁም፤ ሊዋሹም ቢፈልጉ ስለማን እንደሚዋሹ አያውቁም።

ያ ሌሊት ረዘመ። ተዋበች በአዳራሹ ጥግ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸለየች። ሳያት ተመላለሰች። አቶ ሽፈራው ከወንበራቸው አልተነሡም።

ሲነጋ ሳህኖቹ ተከፈቱ። በሁለቱም ክፍል ዶሮዋ ሳህኗን እንደ ጉም ሞልታዋለች። አህያውና ጫማው ግን በተወጉበት ቦታ ነጥብ ሆነው አድረዋል።

«እንግዲህ» አለች ሙሉጌጥ ለኩማ፣ «ሦስት ንጹሕ ብልቃጥ ፈልግ። ውኃ ሙላና እነዚያኑ ሦስት ቃላት ለጥፍባቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ አስገባና ‹ከወጥ ቤት የተገኘውን፣ ማንም ያልነካውን ባክቴሪያ አንሥተህ ስጠኝ› በላቸው። ማን ምን እንደ ሰጠህ ለኔ ብቻ ንገረኝ።»

ሳያትና ዮፍታሄ ገብተው ወጡ። ተዋበች በሩ ላይ ቆማ «ተልባ ሥሪ ካላችሁኝ እሠራለሁ እንጂ ይሄንን አልነካም» አለች፤ አልነካችም። አቶ ሽፈራው ደግሞ «የልጅ ጨዋታ ነው» እያሉ ገቡ፤ የገዛ መሥሪያ ቤታቸውን አያውቁም እንዳይባሉም ሳያመነቱ አንሥተው ሰጡ።

የጤናው ቡድን ከመድረሱ በፊት ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ግድግዳው ላይ ካለፈው ዓመት በዓል የቀረ መፈክር ተንጠልጥሏል። ሙሉጌጥ በባዶ እግሯ መድረኩ ላይ ወጣች።

«የቀረው ግምገማ ዛሬ ይካሄዳል» አለች። «እኔ እመራዋለሁ፤ ኩማ በሩ ላይ ይቆማል።»

«ይሄ ሥነ ሥርዓት የለውም» አሉ አቶ ሽፈራው።

«ሰንሰለት አለው፤ ይበቃል። አጀንዳው አንድ ነው። ተልባው ለምን ቀጠነ?» ወደ ተዋበች ዞረች። «እትዬ ተዋበች ተልባ ሲሠሩ ማንኪያ ያቆማል። ያን ዕለት ግን ዶክተር ቀጠነብኝ አሉ። ሻይ ክፍል ከደረሰ በኋላ አንድ ፈሳሽ ተጨምሮበታል ማለት ነው። የጨመረው ሰው ተልባ ራሱ ዝልግልግ ስለ ሆነ ባዕድ ነገር ይደብቃል ብሎ ቆጥሯል። ደህና ቆጥሯል። ከተልባው ውፍረት ጋር ግን አልተማከረም።»

ተዋበች ሻሿን ነካ አድርጋ ቀና አለች።

«ቀጥሎ። ምን ተጨመረ? ጤናዎቹ ‹መክተፊያው ላይ ሳልሞኔላ፣ ጆጉ ውስጥ ሳልሞኔላ› አሉና አቆሙ። እኛ ግን አሳድረን አየን። የመክተፊያው ሲዋኝ አደረ። የጆጉና የደሙ ግን ባሉበት ቀሩ። የማትዋኝ ሳልሞኔላ ደግሞ ከእትዬ ተዋበች ማጀት አልመጣችም፤ የምትገኘው እዚህ ፍሪጅ ውስጥ፣ ዘረ-መሏ ተቆርጦ፣ አንድ ብልቃጥ ከጎደለበት ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ እትዬ ተዋበች ጆጉን አልመረዙም። ፍሪጁ ጋ ሊደርሱ የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው።»

ሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጣ ነበር።

«ሳያት ተጣልታ ነበር። ዮፍታሄ ቁልፍ አለው። ከሁለቱ አንዱ ቢያደርገው ኖሮ ግን ዛሬ እኛ አንደርስበትም ነበር። ለምን? የገዳዩ ሐሳብ ጥፋቱ በወጥ ቤቱ እንዲመካኝ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው እንደ መክተፊያዋ ያለችዋ፣ ያልተነካችዋ ናት። ሳያትና ዮፍታሄ ያቺ ‹እናት› ሣጥን ውስጥ እንዳለች ያውቃሉ። ዛሬ ጠዋትም ሁለቱም ለኩማ ያነሡለት ‹እናት›ን ነው። ገዳዩ ግን ‹ዋና› የሚለውን ሣጥን ከፈተ። እናንተ እዚህ ስትሠሩ ‹ዋና› ማለት መዋኘት ነው፤ የመዋኛው ዘረ-መል የተቆረጠባት ናት። የሐይቅ ዳር ሰው እንዲያ ነው የሚያነበው። በየጠዋቱ በነሐስ ፊደል ‹ዋና› የሚለውን አስወልውሎ የሚገባ ሰው ግን ዋናን ምን ብሎ ያነባል?»

ኩማ ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። «አቶ ሽፈራው የሰጡኝ ይሄንን ነው» አለ። የተለጠፈበት ቃል ከኋላ ረድፍ ይነበብ ነበር።

«ትናንትም ‹ዋናው ባክቴሪያ› ብለው ነግረውኛል» አለች ሙሉጌጥ። «ቃሉን እንጂ ነገሩን አልሰማሁትም ነበር።»

«አለማወቅ ወንጀል ነው?» አሉ አቶ ሽፈራው።

«አይደለም። አለማወቅ፣ ሁለተኛው ቁልፍ፣ እና በግምገማው ሊነገርብዎት የነበረው የወተት ቧንቧ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲሰፍሩ ግን ጎጆ ይሠራሉ። ሳያት እንደ ነገረችኝ፣ አንዴ ከተሠራ ክሎሪንም አይነቅለውም። ዕድል ልስጥዎት። ግለ ሂስ ያድርጉ።»

አቶ ሽፈራው አዳራሹን አዩ። መስኮቱን አዩ፤ ከመስኮቱ ውጭ ግንቡን። እጆቻቸው የወንበሩን መደገፊያ እንደ ያዙ ነበር። በግምገማ እንደ ለመዱት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሂሱን እውጣለሁ» አሉ።

«ሂስ ሲውጡ ኖረዋል» አለች ሙሉጌጥ። «ዶክተርን ያስዋጧቸው ግን ሌላ ነው።»

ከዚህ በኋላ አንቱታው ለወንበሩ ይቅር። ሽፈራው ድምፁ ወርዶ፣ «እንዲሞት አልነበረም» አለ። «በግምገማው ቀን ታሞ እንዲቀር ብቻ ነው። ሰው ሆዱን ታምሞ ሁለት ቀን ይተኛል፣ ይነሣል። እስከዚያ እኔ ወደ ክልሉ ቢሮ እዛወር ነበር። እንዲህ እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?»

«ጨጓራቸው የታመመ፣ የጾሙ ሰው ነበሩ። ጨጓራቸውንም ጾማቸውንም ትናንት የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«የቱላ ልጆችስ?» አለች ሳያት ከመቀመጫዋ። ሽፈራው ወለሉን አየ።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ የጤናው ቡድን መጥቷል። ተዋበች ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድ ያልገባት ሰው ሆና ቆመች። ሙሉጌጥ ከመድረኩ ወርዳ እጇን ያዘች።

«እትዬ፣ ነፃ ነዎት። መክተፊያዎ ግን ነፃ አይደለም። እሱ ላይ ያለችዋ ዋና የምትችለዋ ናት፤ ዛሬውኑ ያቃጥሉት።»

«መክተፊያውን እኔው አነደዋለሁ» አለች ተዋበች። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ድንገት፣ «‹ቀጠነብኝ› ሲለኝ ቀምሼው ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ነበርኩ የምሞተው» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ተናድጄ ዳንኩ» ብላ፣ ሳቅና ለቅሶዋ ተደባልቆ ወጣ።

ኩማ ሽፈራውን በክንዱ ይዞ ሲያወጣው፣ ከበሩ ውጭ ከተማው በሙሉ የተሰበሰበ ይመስል ነበር። ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናልና፣ ዓሣው ተይዞ ሊወጣ ነው ብለው ልጆች በሰው ትከሻ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። ሽፈራው አንገቱን ሰበረ። ሁሉም የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ ግማሹ ቢሮው መጥቶ ደጅ ጠንቷል።

«ኢንስፔክተር፣ እባክሽ» አለ ቀስ ብሎ። «በዋናው በር አታውጡኝ። በኋላው በር ይሁን።»

ሙሉጌጥ ጭቃማውን ጫማዋን እያጠለቀች ቀና አለች።

«የኋላው በር የሚያወጣው ሐይቁ ውስጥ ነው፣ አቶ ሽፈራው። ዋና ይችላሉ?»

ሽፈራው አልችልም ሲል ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው በዋናው ነው» አለች፤ ሰንሰለቱም ተፈታ።